ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «እንደምን አመሻችሁ»

የአማርኛ ሰላምታ ሰዓት ማወቅ ይፈልጋል። ሲነጋ «እንደምን አደራችሁ»፣ ቀን «እንደምን ዋላችሁ»፣ ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ «እንደምን አመሻችሁ» ነው። ሥርዓቱ የወጣው አንድ ፀሐይ ለሚሞቁ ሰዎች ነበር። የእኛ ቤተሰብ የዋትሳፕ ግሩፕ ግን አራት ፀሐይ አለው። ጅዳ ያለችው እህቴ፣ እግዜር ይስጣት፣ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ይነጋላታል። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ እንደ ወቅቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይዘገያል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጋሼ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት፣ ሲያትል የገባው ትንሹ ወንድማችን ደግሞ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። «ወይም» የገባችው ፈረንጆቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወዲያና ወዲህ ስለሚያደርጉት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ለፀሐይዋስ ማን ይነግራታል?» ብላ ነበር።

ጋሼ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ በብርድ ወራታቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ቤተሰብ የሚናፈቅበት ሰዓት ነው። «እንደምን አመሻችሁ የተወደዳችሁ ቤተሰቦቼ» ብሎ ይጽፋል። አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። የእናቴ ስልክ ትራሷ ሥር «ጢን» ይላል። በእሷ ዕድሜ ሌሊት የሚጮህ ስልክ ለደግ አይጮህም። አማትባ ትነሳለች፣ መብራት ታበራለች፣ መነጽሯን ትፈልጋለች፣ ታነባለች፣ «አመሸን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ድምፁን እናጥፋልሽ ብንላት «እና አንድ ነገር ቢመጣስ?» አለችን። አንድ ነገር የምትለው ምን እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ አልጠየቅናትም።

በዚህ ላይ የገዛ ሰዓታችን አለ። በዓል በደረሰ ቁጥር «እሁድ 3 ሰዓት ላይ ሁላችንም በቪዲዮ እንገናኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። የማን 3 ሰዓት? በእኛ የጠዋት 3 በፈረንጅ 9 ነው። ሲያትል ያለው የፈረንጁን 3 ይዞ ቁጭ ይላል። ጅዳ ያለችው በአሠሪዎቿ ሰዓት ሠርታ በአገሯ ሰዓት ስለምትኖር ለጥንቃቄ ሁለቱንም ጊዜ ትገባለች። አሜሪካ የተወለዱት የጋሼ ልጆች «ጠዋት ነው ማታ?» ይላሉ፤ «ጠዋት» ሲባሉ «የማን ጠዋት?»። ባለፈው ፋሲካ እያንዳንዱ በየራሱ 3 ሰዓት ገብቶ፣ ባዶ ስክሪን ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ወጥቷል። ማንም አልቀረም፤ ማንም ግን አልተገናኘም።

ይህን የምለው ቤተሰቤን ለማማት አይደለም፤ ለማማት ብፈልግማ ሌላ ግሩፕ አለ። ነገሩ የኛ ጨዋነት ሁልጊዜ ሰውነት ያለው ነገር ስለነበር ነው። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለት፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ማስቀመጥ። ሲጨብጡ ቀኙን ክንድ በግራ እጅ ደገፍ ማድረግ። ጎንበስ ማለት፣ ነጠላ ማስተካከል፣ ፎጣውን ክንድ ላይ ጣል አድርጎ እጅ ማስታጠብ። በዚህ ሁሉ መሐል ብዙ ማውራት አያስፈልግም። አንድ ልጅ አፉን ሳይከፍት «ጨዋ ነው፣ የእገሌ ልጅ» ይባል ነበር። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቀርቶ አፍ ብቻ ነው የተረፈው። የሰፈራችን የእድር ሊቀመንበር ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲገቡ ስልኩ አንቱታ ስለማያውቅ ልክ እንደ ጎረምሳ ያስገባቸዋል። ማንም አይነሳም። ቢነሳም አይታይለትም።

ይባስ ብሎ አማርኛ ሰውን ሳያይ አንድ ግስ እንኳ መጣል አይሆንለትም። የፕሮፋይሉ ፎቶ ጽጌረዳ ነው፤ ስሙ «ተስፋ አልቆርጥም» ነው። ይህ ሰው ስለሚከራየው ክፍል ጠይቆሃል። ልትመልስለት ነው። ልትመልስላት ነው። ልትመልስላቸው ነው። ቤቱን ለማየት «ና» ልትል ነው፣ «ነይ» ወይስ «ይምጡ»? ጽጌረዳዋ አትናገርም። ብልሆች ዘዴ አላቸው፤ «ሰላም ነው?» ብለው ማን ሰላም እንደሆነ ሳይነኩ ያልፋሉ፣ «ቤቱን ማየት ይቻላል» ብለው የሚያየውን ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ያስወጡታል። አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ ደግሞ ለማያውቁት ሁሉ «እርስዎ» ብለው ይጽፋሉ። የዐሥራ አራት ዓመት የጎረቤት ልጅ ስለ ኳስ ለጻፈው ነገር «እርስዎ እንዳሉት ተከላካዩ ጥፋተኛ ነው» የሚል መልስ ከሳቸው ደርሶት፣ መልሱን ለእናቱ እያሳየ ዕቃ አላጥብም ብሏል።

እኔ የጡረተኛው ወገን ነኝ። መሳሳት ካልቀረ ወደ ላይ መሳሳት ይሻላል፤ ሕፃን ልጅ አንቱ ቢባል ከዕቃ አጠባ በቀር የሚጎድል ነገር የለም። ነገር ግን ኢንተርኔቱ ላይ የሚሳሳተው ሁሉ ወደ ታች ነው። ፀጉራቸው የሸበተ መምህር ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ጉዳይ ጽፈው ይለጥፋሉ፤ የመጀመሪያው ኮመንት «አንተ ምን ታውቃለህ» ነው። ይህን የጻፈው ልጅ እናቱ ከጓዳ ስትጠራው «አቤት!» ብሎ የሚሮጥ፣ ታክሲ ውስጥ ለአሮጊት ወንበር የሚለቅ ልጅ ነው። ጨዋነቱ እቤት አለ። ስልኩ ውስጥ ይዞት የሚገባበት ቀዳዳ ነው ያጣው።

ፈረንጆቹ ገደሉ ቀድሞ ነው የታያቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. ሳሊ ሃምብሪጅ የተባለች የኢንቴል ሠራተኛ ያዘጋጀችው፣ አርኤፍሲ 1855 የሚል ቁጥር የተሰጠው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ ወጥቷል። ያኔ እኛ አገር ኢንተርኔት ገና ለሕዝብ አልተከፈተም። መመሪያው ብዙ ይላል፤ ተቀባዩ ሰው መሆኑን አትርሱ ይላል፣ ሰንሰለት ደብዳቤ አትላኩ ይላል፣ በንዴት የጻፋችሁትን መልስ ሳትልኩ አሳድሩት ይላል። ይህ የመጨረሻው የኛ ሽማግሌዎች «ነገሩ ይደር» ከሚሉት የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ሽማግሌው ሲናገር ተናዳጁን ክንዱን ይዞት መሆኑ ብቻ ነው። ሁሉን በትልልቅ ፊደል መጻፍ እንደ ጩኸት ይቆጠራልም ይላል። በዚህ በኩል እኛ ነፃ ነን፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። መጮህ የፈለገ አበሻ ቃለ አጋኖ ይደረድራል፤ ካልበቃው የመጨረሻዋን ፊደል ይጎትታል፣ «እሺሺሺሺ»። እሱም ካልበቃው ማይክሮፎኗን ይጫናል።

ማይክሮፎኗን ካነሳን ዘንድ እትዬን አለማንሳት አይቻልም። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፤ አይጽፉም፣ በቮይስ ነው የሚልኩት። የእትዬ ቮይስ ከሰባት ደቂቃ አያንስም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የስም ጥሪ ናቸው፤ በየአገሩ ያለነው ሁሉ በየተራ፣ ከእነ ልጆቻችን፣ ልጅ የሌለን ደግሞ ወደፊት ከምንወልዳቸው ጋር፣ ሰላም እንባላለን። ከዚያ ብርዱ፣ የገብሱ ዋጋ፣ የጎረቤት ላም መውለድ። መሐል ላይ ዶሮ ታባርራለች ሠራተኛዋ፣ እትዬም «እሱን በር ዝጊው» ይላሉ፤ ይኸም ወደ ሲያትል ይሄዳል። ጉዳዩ ያለው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ «በሉ ሌላ ነገር የለም፣ ደህና ሁኑ» የሚል ነው። ዋትሳፕ በ2021 እ.ኤ.አ. ቮይስ በአንድ ተኩልና በእጥፍ ፍጥነት የሚሰማበትን ቁልፍ አመጣ። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ እትዬን በእጥፍ ነው የሚሰማቸው፤ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» የሚል የታክሲ ረዳት ይመስላሉ። ይህ በቤተሰቡ ውስጥ ክርክር አስነስቷል። እናቴ ታላቅ ሰው ሲናገር ማቻኮል ነውር ነው ትላለች። እሱ ደግሞ እሳቸው ሳያውቁት የተቻኮሉት ነውር የለውም ባይ ነው። እኔ በአንድ ተኩል ነኝ።

ለቮይስ ግን ክብር አለኝ። ዱሮ ያልተማረ ሰው ደብዳቤ ሲልክ ፊደል የቆጠረ የሰፈር ልጅ ጠርቶ ነበር የሚያጽፈው። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» የሚለውን ልጁ በቃሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የብድር፣ የመሬትና የትዳር ምሥጢር ሁሉ ግን ሰፈሩ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ያ ባለ ቁምጣ ልጅ ነበር። ዛሬ እትዬ የልባቸውን ለማንም ሳያስጽፉ ይልካሉ። ችግሩ እኛ ጋ ነው፤ የኛ ሰው ቮይሱን ሚኒባስ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል፣ ከሹፌሩ ጀምሮ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ የሌላ ሰው አክስት ጨጓራ ምን እንዳለ ይሰማል። ምሥጢሩ ከአንድ ባለ ቁምጣ ልጅ ወጥቶ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ጆሮ ገባ።

ከቮይስ ቀጥሎ የሚያደክመኝ የተንጠለጠለ ሰላምታ ነው። ጠዋት «ሰላም» የሚል ይመጣል። «ሰላም ነህ?» ብዬ እመልሳለሁ። ዝም። እኩለ ቀን ላይ «አለህ?»። አለሁ። ዝም። ማታ ላይ «ጠፋህ እኮ!»። የጠፋሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጉዳዩ ይገለጣል፤ የሚፈለገው የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ፈረንጅ በቀጥታ ጉዳዩን ተናገር ይላል፣ አበሻ ደግሞ ያለ ሰላምታ ጉዳይ መጀመር በር ሳያንኳኩ ሰው ቤት መግባት ነው ይላል። ሁለቱም አይጣሉም፤ ሰላምታውንም፣ የቤተሰቡን ጤንነትም፣ የቧንቧ ሠራተኛውንም በአንድ መልእክት መላክ ይቻላል። ሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ «ሰላም ነው?» ብሎ ቀኑን ሙሉ ፊቱን አዙሮ አይቆምም።

የእትዬን ሌላ ገድል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። «ይህን ለ12 ሰው ላኩ፣ በሦስት ቀን ውስጥ መልካም ዜና ትሰማላችሁ፣ ችላ ብትሉ ግን...» የሚለው መልእክት በየቤቱ አለ። በወረቀት እየተገለበጠ ሲዞር የነበረ ነው፣ ስልክ ሲመጣ ጫማ አወለቀና ክንፍ አወጣ። ዋትሳፕ ጉዳቱን አይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ መልእክት በአንዴ ከ20 ቦታ በላይ እንዳይላክ ከለከለ፣ በ2019 መጀመሪያ ወደ 5 አወረደው፣ በ2020 ደግሞ ብዙ የዞረውን መልእክት በአንዴ ወደ አንድ ቦታ ብቻ አደረገው። ኩባንያው ስንፍናችንን አምኖ ነው የገደበው። የእትዬን ትጋት አላወቀም። የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አንድ በአንድ፣ ስም እየጠሩ፣ «አሁን ደግሞ ለእገሌ፣ የባሰ የሚያስፈልገው እሱ ነው» እያሉ ያስልካሉ። አታስልኩ ብሎ የተናገራቸው አለ፤ «መልካም ዜና ብትሰሙ ምን ይጎዳችኋል?» አሉት። መልስ የለውም።

ከግሩፕ መውጣትም ነበረ። ሰው ሲወጣ «እገሌ ወጣ» ብሎ ለሁሉም ስለሚታይ፣ ከቤተሰብ ግሩፕ መውጣት ትዳር ከመፍታት አያንስም ነበር፤ ሽማግሌ ይላካል፣ «ምን አስቀየምንህ» ይባላል፣ ካሳ ሳይጠይቅ የተመለሰ ጥቂት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ዋትሳፕ የሚወጣው ሰው ለአድሚኑ ብቻ እንዲታወቅ አደረገ። የኛ አድሚን አክስቴ መሆኗን ግን ማንም አልነገራቸውም። አክስቴ ካወቀች ጅዳም ሲያትልም ያውቃል፣ ያውም ከነምክንያቱ፣ ባይኖርም ከነምክንያቱ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል ያገሬ ሰው። ዋትሳፕ በ2017 እ.ኤ.አ. ቅቤውን አመጣሁ አለ፤ የላኩትን ከሁሉም ስልክ ላይ መሰረዝ ተቻለ። መሰረዙ ግን ምልክት ይተዋል። ያልተሰረዘውን ሳያነበው የሚያልፈው ሰው ሁሉ የተሰረዘውን ለማወቅ እንቅልፍ ያጣል። «ምን ብሎ ነበር?» ብሎ በኢንቦክስ የሚጠይቅ ይበዛል፤ ያየው ሰውም አይጠፋም፣ ስክሪንሾት ያነሳም አይጠፋም።

ስለ ስድቡ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያየዋል። ስድብ ያልነበረበት ዘመን ነበር ብዬም አላታልልም። ዱሮ በበላ ልበልሃ ሙግት ባላንጣዎች ዳኛ ፊት ቆመው በግጥምና በምሳሌ ይወራረፉ ነበር፣ ነገሩም አንዳንዴ አጥንት ይሰብር ነበር። ለመሳደብ ግን ማሰብ፣ ቤት ማስመታት፣ ነጠላ አጣፍቶ መቆም ግድ ነበር፤ ያን ሁሉ ሲያደርግ ግማሹ ንዴት ይበርድለታል። ዛሬ ተኝቶ ነው የሚሳደበው። መንግሥት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አውጥቷል፤ ሐሰቱን ያሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ባለጌነት ብቻውን ግን በአዋጅ አይያዝም፣ መያዝም ያለበት አይመስለኝም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ኮመንት ላይ «አንተ ከሃዲ» ሲባባሉ የከረሙ ሁለት ሰዎች ቨርጂኒያ ሠርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይደርሳቸዋል፤ ሦስት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው፣ «በሞቴ» ተባብለው ይጎራረሳሉ። ወደየቤታቸው ሲነዱ ሚስቶቻቸው «ምነው ያን ሁሉ ስትለው አልነበር?» ሲሏቸው «እሱ እኮ ፌስቡክ ላይ ነው» ይላሉ።

ቀልዱን ወዲያ ትቼ፣ ኢንተርኔት ከወግ ማዕረጋችን ሁሉ ክፉኛ የጎዳው መርዶን ነው እላለሁ። ማርዳት ሙያ ነበር። ወሬው የደረሰ ማታ አይነገርም፤ እህል ይቅመስ፣ እንቅልፍ ይተኛ ይባላል። ጎረቤትና ዘመድ በየጓዳው ይጠራራል። ልቧ የታመመች፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች ትታሰባለች። ማን ይናገር በሚለው ላይ ይመከራል፤ አንጋፋ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ይመረጣል። ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። በሩን የከፈተው ሰው ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት በደጁ ቆሞ ሲያይ ተናጋሪው ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ዋናው ነገር ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ መኖሩ ነበር።

ሰው ሲሰደድ ሥርዓቱም አብሮ ተሰደደ። ዋሽንግተን ይሁን ጅዳ፣ ሮም ይሁን ቴል አቪቭ፣ አገር ቤት ሰው የሞተበት እንደሆነ የሚደወለው ለእሱ ሳይሆን ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ለሌላው ይደውላል። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ ሱቅ ገብቶ ሽንኩርት ይመርጣል። ያገኘው ሁሉ ከወትሮው ይልቅ ይስመዋል። በማግስቱ ሥራ ሳይገባ፣ ዳቦና ቡና የሞላ ፔርሙዝ የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ይደርሳሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ የሚያስፈቅድለት ሰው ሳይቀር ተመድቧል።

አሁን ይህን ሁሉ አንድ አውራ ጣት ይቀድመዋል። አስከሬኑ ሳይገነዝ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ነው፤ ከጎኑ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»። የለጠፈው ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሩቅ ዘመድ ነው፣ ተራው እስኪደርስ ማዘን ያልቻለ። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ አሠሪዎቿ ምሳ እስኪጨርሱ ጓዳ ቆማ ስልኳን ትከፍታለች። የአባቷ ፎቶ ነው። መጀመሪያ ደስ ይላታል፤ ይህን የመሰለ ፎቶ ማን አገኘ ትላለች። ሻማውን የምታየው ቀጥሎ ነው። አጠገቧ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፣ ሳህኑም ሊነሳ ይጠራል።

በዚህ የተነሳ አርጂዎች አዲስ ሥራ ተጨምሮባቸዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ለጋሼ ጓደኛ ሊያረዱ ማታውን የሄዱት ሰዎች «ለጨዋታ መጣን» ብለው ገብተው፣ አንዱ ቀስ ብሎ ራውተሩን ነቀለ፤ ሌላው «ስልክህን አውሰኝ፣ የኔ ባትሪ ሞተ» ብሎ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ሰውየው ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ኩባንያው ጋ በሚስቱ ስልክ ሊደውል ሲል ስልኩ ላይም ውሃ ፈሰሰበት፣ ሆን ተብሎ። ሌሊቱን ካርታ ሲያጫውቱት አደሩ። በኋላ ላይ ሰውየው ያመሰገናቸው ስለ ካርታው ነው።

ከተለጠፈ በኋላ ያለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ፌስቡክ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ከላይክ በቀር ሌላ ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ ለዓመታት ሰው በሞተ ቁጥር ወዳጅ ዘመድ ወድዶታል። ከዚያ የሚያለቅሰው ፊት መጣ፤ ከሱ ብዙም ሳይርቅ የሚስቀው ፊት ተቀመጠ፤ ያለ መነጽር የተላከ አውራ ጣት በሁለቱ መካከል ያደረሰውን ያደረሰበት ያውቀዋል። ሁለት እንባ የሚፈሰው ቢጫ ፊት ደግሞ አለ፣ ከሳቅ ብዛት የሚያለቅሰው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2015 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ብለው የመረጡት እሱን ነው። አክስቴ ግን እንባውን ነው ያየችው። የጎረቤታችን ባል ያረፉ ጊዜ በሰፈሩ ግሩፕ ላይ አምስቱን ደርድራ ላከች። ልጆቿ ደንግጠው ሲነግሯት «ታዲያ እያለቀሰ አይደለም እንዴ?» አለች። ልክ ናት፤ እያለቀሰ ነው። ሟቹ ቤት ሄዳ ከማንም ይልቅ የቆየችው፣ ወጥ የሠራችው፣ ሳልስቱንም እዚያው የዋለችው እሷ ነች፤ የሚያለቅሰውን ፊት በትክክል መርጦ የላከ ስንት ሰው ደጁን አልረገጠም።

ቤተሰባችን ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማ፤ ሞት በግሩፕ አይነገርም። በሽታም አይነገርም፣ መርዶ የሚጀምረው «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ነውና። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት፣ ያስፈጸመችው አክስቴ። በደንብ ሠራ። ነገር ግን ክፉ ነገር በግሩፕ የማይነገር ከሆነ ክፉ ነገር ሲኖር ግሩፑ ዝም ይላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዝምታው ራሱ ያስፈራ ጀመር። እትዬ በማለዳ ሳይልኩ ከዋሉ በአራቱም ፀሐይ ሥር ያለነው እንቁነጠነጣለን።

በዚህ ክረምት ደብረ ብርሃን መብራት ጠፍቶ የእትዬ ስልክ ተዘጋ። በዚያው ጠዋት እኛም ሰፈር ዳታው አልሠራ አለ። እስከ ቀትር አንድም መልእክት የለም። ጅዳ ያለችው እህቴ በመደበኛው መስመር ደወለች። «ንገሩኝ» አለች፣ ያለ ምንም ሰላምታ። ምኑን አልናት። «እናንተ ታውቃላችሁ።» ማንም አልሞተም አልናት። «እንደዚያ ነው የሚባለው» አለች፤ እውነቷን ነው፣ እንደዚያ ነው የሚባለው። ማንም አልታመመም ስንላት ጭራሽ ማልቀስ ጀመረች። ዳታው ሲመለስ በየተራ በቪዲዮ መቅረብ ነበረብን፤ እናቴን አየች፣ አክስቴን አየች፣ ጋሼን ከእንቅልፉ አስነሥታ አየች። የቀሩት እትዬ ነበሩ። ወደ ማታ መብራት መጥቶ ስልካቸው ነፍስ ሲዘራ ተደወለላቸው። እትዬ ቪዲዮ ሲደወልላቸውም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ነው የሚለጥፉት፤ ለብዙ ደቂቃ የታየው ጨለማና የጉትቻ ጫፍ ብቻ ነበር። እህቴ ጉትቻውን አወቀችው። «በቃ፣ ደህና ናቸው» ብላ ዘጋች።

እትዬ ግን ገና ሰላምታው ላይ ነበሩ። የቀረውን በቮይስ ላኩት።